የዴስሞፕሬሲን መድኀኒት መጠን በየበሽታው ስለ መለያየቱ

አንድ መድኀኒት አንድ መጠን አለው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ተተክሎ ይገኛል። ይህ አስተሳሰብ ለአንዳንድ መድኀኒቶች በመጠኑም ቢሆን ይሠራ ይሆናል፤ ዴስሞፕሬሲን ለተባለው መድኀኒት ግን ፈጽሞ አይሠራም። ለአንዱ በሽተኛ በቀን 2 ማይክሮግራም ሲበቃው፣ ለሌላው በአንድ ጊዜ 18 ማይክሮግራም፣ ለሦስተኛው ደግሞ 200 ማይክሮግራም ይታዘዛል፤ ሦስቱም ትእዛዞች ትክክል ናቸው። የአንዱ መጠን በስሕተት ለሌላው ቢሰጥ ግን ሕይወትን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህ መለያየት ከምን እንደ መጣ ነው። አሳባችንም በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ የዴስሞፕሬሲን መጠን ብቻውን ተነጥሎ ደኅና ነው ወይም አደገኛ ነው ሊባል አይችልም። በሽታው፣ መድኀኒቱ ወደ ሰውነት የሚገባበት መንገድና በሽተኛው የሚጠጣው ውሃ አንድ ላይ መታየት አለባቸው። ከሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው ውሃው ነው።

እኛ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ነገሩን ለማስረዳት የቀረቡ ናቸው እንጂ ማንም ሰው በራሱ ሥልጣን መድኀኒት እንዲወስድባቸው አይደለም። ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ/ የተፈጥሮው ሆርሞን ሥራ

በጤናማ ሰው ኩላሊቶች በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 180 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ከደም ይጣራል። ይህ ሁሉ ሽንት ሆኖ ቢወጣ ኖሮ ሰው አንዲት ቀን እንኳ መቆየት ባልቻለ ነበር። ነገር ግን እጅግ የሚበዛው ክፍል ተመልሶ ወደ ደም ስለሚገባ፣ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻ መጠን የሚወስነው ቫዞፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ነው።

ቫዞፕሬሲን ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ይሠራና በፒቱታሪ ዕጢ የኋለኛ ክፍል ይከማቻል። ሰውነት ውሃ ሲያጣና የደም ጨው ሲጠነክር ወደ ደም ይለቀቃል። ከኩላሊት ሲደርስም በሰብሳቢዎቹ ቱቦዎች ላይ ከሚገኘው ቪ2 ከተባለው ተቀባይ ጋር ይገናኛል፤ ያን ጊዜ አኳፖሪን የሚባሉት የውሃ መተላለፊያዎች በቱቦው ግድግዳ ላይ ይሰለፉና ውሃው ወደ ደም ይመለሳል። እነዚህን መተላለፊያዎች ያገኘው ፒተር አግሬ በ2003 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፍሏል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ጤናማ ሰው ብዙ ውሃ በጠጣ ጊዜ የሆርሞኑ መጠን ወዲያው ይቀንሳል፤ ትርፉ ውሃም በሽንት ይወጣል። የተፈጥሮው ሆርሞን የቤቱን ጌታ ቃል እየሰማ በሩን እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ዘበኛ ነው። መድኀኒቱ ግን በሩን ዘግቶ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ እንደሚተኛ ዘበኛ ነው። በሽተኛው ስንት ብርጭቆ እንደ ጠጣ አይጠይቅም፤ የሥራው ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ ውሃውን ይይዛል። በሚቀጥሉት ክፍሎች የምንገልጻቸው ጥንቃቄዎች ሁሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ለ/ ሰው ሠራሹ መድኀኒት

ከእንስሳት ፒቱታሪ ዕጢ የተጨመቀው ፈሳሽ የሽንትን ብዛት እንደሚቀንስ በ1913 ታውቆ ነበር። ቫዞፕሬሲን ከ9 አሚኖ አሲዶች የተገጣጠመ መሆኑ የታወቀውና በላቦራቶሪ የተሠራው ግን በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካዊው ቪንሴንት ዱ ቪኞ ጥናት ነው። እኚህ ሊቅ በዚህ ዓይነት ሥራቸው የ1955ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የተፈጥሮው ሆርሞን ለመድኀኒትነት ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛ፣ በሰውነት ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ ስሙም እንደሚያመለክተው የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በ1967 በፕራግ ከተማ ዛኦራልና የሥራ ባልደረቦቹ ሁለት ለውጥ አድርገው ዴስሞፕሬሲንን ሠሩ። ከመጀመሪያው አሚኖ አሲድ ላይ የአሚን ክፍሉን አነሡ፤ በዚህም መድኀኒቱ ቶሎ እንዳይፈርስ ሆነ። በስምንተኛው ቦታ ላይ ያለውን አርጂኒን በመስተዋት ምስሉ በዲ-አርጂኒን ተኩት፤ በዚህም በደም ግፊት ላይ ያለው ኀይል እጅግ ተቀነሰ። ስለዚህ ዴስሞፕሬሲን ለረዥም ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል፣ ውሃን የሚይዝ መድኀኒት ሆነ። የጥቅሙም የጉዳቱም ምንጭ ይኸው ረዥም ሰዓት ነው።

ሐ/ የመግቢያው መንገድ

ዴስሞፕሬሲን በመርፌ፣ በአፍንጫ፣ በሚዋጥ ክኒንና ከምላስ ሥር በሚሟሟ ክኒን ይሰጣል። በመርፌ የተሰጠው ሁሉ ወደ ደም ይገባል። በአፍንጫ ከሚረጨው የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ስለ ሆነ፣ መርፌው ከአፍንጫው መድኀኒት በግምት 10 ጊዜ ይበረታል። የተዋጠው ክኒን ደግሞ በጨጓራና በአንጀት ውስጥ ስለሚፈርስ ከ1 በመቶ እጅግ ያነሰው ብቻ ወደ ደም ይደርሳል። ከምላስ ሥር የሚሟሟው ከሚዋጠው ይሻላል፤ 120 ማይክሮግራሙ ከ200 ማይክሮግራም የሚዋጥ ክኒን ጋር እኩል ይቆጠራል።

እንግዲህ በመግቢያችን የጠቀስናቸው ቁጥሮች የተራራቁት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። «200 ማይክሮግራም» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ትእዛዝ፣ መንገዱ ካልተጠቀሰ፣ ትርጉም የሌለው ትእዛዝ ነው። በተጨማሪም የክኒኑ መጠን አንዳንድ ጊዜ በሚሊግራም ይጻፋል፤ 0.2 ሚሊግራም ማለት 200 ማይክሮግራም ነው። ነጥቧ ከቦታዋ ብትዛወር መጠኑ 10 እጥፍ ይሆናል።

መ/ መጠኑ በየበሽታው

1. ዲያቤተስ ኢንሲፒደስ። ይህ በሽታ በስሙ ከስኳር በሽታ ጋር ቢመሳሰልም ከስኳር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የፒቱታሪ ዕጢ ወይም ሃይፖታላመስ በአደጋ፣ በዕባጭ ወይም በቀዶ ሕክምና ሲጎዳ ሆርሞኑ ይጠፋል፤ በሽተኛው በቀን 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊሸና፣ ያንኑም ያህል ሊጠጣ ይችላል። ሁለቱ በሽታዎች በስም መመሳሰላቸው ስሕተት ስለሚያስከትል፣ በ2022 የሆርሞን ሊቃውንት ማኅበራት ስሙ «የቫዞፕሬሲን እጥረት» ተብሎ እንዲለወጥ ሐሳብ አቅርበዋል።

እዚህ መድኀኒቱ የጠፋውን የሚተካ ነው። ለዐዋቂ ሰው በመርፌ በቀን ከ2 እስከ 4 ማይክሮግራም በሁለት ተከፍሎ፣ በአፍንጫ በቀን ከ10 እስከ 40 ማይክሮግራም፣ በሚዋጥ ክኒን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ100 ማይክሮግራም በቀን ሦስት ጊዜ ተጀምሮ እንደ በሽተኛው ሁኔታ ይስተካከላል። በሽተኛው ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ከሰው ሰው ስለሚለያይ ከትንሹ መጀመርና ሽንቱን፣ ጥማቱንና የደሙን ሶዲየም እየተመለከቱ ማሳደግ ደንብ ነው። ብዙ ሐኪሞች አልፎ አልፎ አንዱን መጠን ጥቂት አዘግይተው፣ የተጠራቀመ ውሃ ካለ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋሉ። በሽታው ከኩላሊቱ ራሱ የመጣ ከሆነ ግን፣ ማለት ሆርሞኑ እያለ ኩላሊቱ የማይሰማ ከሆነ፣ ዴስሞፕሬሲን አይጠቅምም ወይም ጥቅሙ ጥቂት ነው። ስለዚህም ሐኪሞች ሁለቱን ዓይነት ለመለየት ይኸንኑ መድኀኒት ለምርመራ ይጠቀሙበታል።

2. የልጆች የሌሊት ሽንት። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ነገር የምናውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሌሊት ፍራሹን ያረጠበ ልጅ ጧት አንሶላውን ተሸክሞ በጓደኞቹ ፊት ሲያልፍ አይተናል፤ አንዳንዶቻችንም ስቀናል። ልጁ ግን ያጠፋው ነገር አልነበረም። በብዙዎቹ ልጆች ምክንያቱ ሌሊት የሚጠራቀመው ሽንት መብዛቱ፣ የፊኛው መጥበብና የእንቅልፉ መክበድ ነው።

ለነዚህ ልጆች ሆርሞኑ አልጠፋባቸውም። መድኀኒቱ የሚፈለገው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ስለዚህ መጠኑ በመኝታ ጊዜ አንድ ጊዜ ነው፤ የሚዋጥ ከሆነ 200 ማይክሮግራም፣ ከምላስ ሥር ከሆነ 120 ማይክሮግራም። ካልበቃ ሐኪሙ ወደ እጥፉ ሊያሳድገው ይችላል። ከዕድሜ አንጻርም ከ5 ወይም ከ6 ዓመት በታች ላሉ አይታዘዝም። ሦስት ወር ከተወሰደ በኋላ አሁንም ማስፈለጉን ለማወቅ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቋረጣል። ከመጠኑ ይልቅ የሚበልጠው ትእዛዝ ግን ይህ ነው፤ ልጁ መድኀኒቱን ከመውሰዱ 1 ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት በኋላ ድረስ፣ ጥሙን ለመቁረጥ ከሚጎነጨው በቀር፣ አይጠጣም።

3. ሌሊት በሽንት መነሣት። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከቀኑ ይልቅ ሌሊት ብዙ ሽንት ሊያመርቱ ይችላሉ። ለዚህ የተፈቀደው መጠን እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ከምላስ ሥር ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ማይክሮግራም። ሴቶች ለዚህ መድኀኒት ከወንዶች ይልቅ ስሱ ናቸው። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የቪ2 ተቀባይ ዘረ መል የሚገኘው ሴቶች ሁለት፣ ወንዶች አንድ ብቻ ባላቸው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ መሆኑ ነው። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት የሶዲየም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንትና አንድ ወር ገደማ ሲሆን ይደረጋል። ሶዲየሙ ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ፣ ልቡ የደከመ ወይም ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው አይጀምረውም።

4. የመድማት በሽታዎች። በ1977 ማኑቺና የሥራ ባልደረቦቹ በኢጣሊያ፣ ዴስሞፕሬሲን ቀላል ሄሞፊሊያ «ኤ»ና የፎን ቪሌብራንት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሊረዳ እንደሚችል አሳዩ። በደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ደምን የሚያረጋ ንጥረ ነገር ተከማችቶ ይገኛል፤ መድኀኒቱ ይህን ክምችት ወደ ደም ያስለቅቃል። በዚህ ምክንያት ጥርስ ሲነቀል ወይም ትንሽ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ከሰው የተቀዳ የደም ተዋጽኦ ሳይሰጥ ሊሠራ ይችላል።

እዚህ የሚፈለገው ሥራ ሌላ ስለ ሆነ መጠኑም ሌላ ነው። በደም ሥር በሚሰጠው መርፌ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 0.3 ማይክሮግራም ይታሰባል። ክብደቱ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 60 × 0.3 = 18 ማይክሮግራም ይመጣል። በአንድ ሚሊሊትር 4 ማይክሮግራም ከያዘው ብልቃጥ 4.5 ሚሊሊትር ተቀድቶ፣ በ50 ሚሊሊትር የጨው ውሃ ተበርዞ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይሰጣል። ይህ ሰው የዲያቤተስ ኢንሲፒደስ በሽተኛ ቢሆን ኖሮ 2 ማይክሮግራም ለቀኑ ሊበቃው ይችል ነበር።

በአፍንጫ ሲሆን ልዩነቱ የባሰ ነው። ለዲያቤተስ ኢንሲፒደስ የሚሠራው መርጫ በአንድ ርጭት 10 ማይክሮግራም ሲሰጥ፣ ለመድማት የተሠራው በአንድ ርጭት 150 ማይክሮግራም ይሰጣል፤ ማለት 15 እጥፍ ነው። 50 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሰው በየአፍንጫው ቀዳዳ አንድ አንድ ጊዜ፣ በድምሩ 300 ማይክሮግራም ይወስዳል፤ ከ50 ኪሎ በታች የሆነው አንድ ርጭት ብቻ። ሁለቱን መርጫዎች ማሳሳት ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም።

ይህ መጠን በየሰዓቱ የሚደጋገምም አይደለም። የደም ሥሮቹ ክምችት እንደ ጎተራ ነው፤ ዛሬ ከተገለበጠ ነገ የሚወጣው ያንሳል። ስለዚህ ከ48 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሲደጋገም ጥቅሙ እየቀነሰ፣ የውሃው አደጋ ግን እየጨመረ ይሄዳል። ጎተራው ከመጀመሪያው ባዶ ለሆነበት፣ ማለት ለከባድ ሄሞፊሊያ «ኤ»፣ እንዲሁም ለሄሞፊሊያ «ቢ» አይጠቅምም።

ሠ/ አደጋው ከወዴት ይመጣል

በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። ውሃ ሲጠራቀም ጨው ይቀጥናል፤ ውሃውም ወደ ሕዋሳት ይገባና ያሳብጣቸዋል። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ የተዘጋ ስለ ሆነ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። በመጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደንዘዝ ይታያል፤ ቀጥሎ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳትና ሞት ሊከተል ይችላል። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

ቀላል ስሌት እንሥራ። ክብደቱ 20 ኪሎ የሆነ ልጅ በሰውነቱ ውስጥ ወደ 12 ሊትር ውሃ አለው። ሶዲየሙ 140 ነው እንበል። መድኀኒቱን ወስዶ 1 ሊትር ቢጠጣና ምንም ባይሸና፣ አዲሱ ሶዲየም 140 × 12 ÷ 13፣ ማለት 129 ገደማ ይሆናል። አንድ ሊትር ተኩል ቢሆን ወደ 124 ይወርዳል። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ዐዋቂ በ129 ላይ እንዲደርስ ግን 3 ሊትር መያዝ አለበት። በሽንት የሚወጣውን ጨውና በላብ የሚወጣውን ውሃ ስላልቆጠርን ስሌቱ ግምት ብቻ ነው፤ ቢሆንም ለዐዋቂ ቀላል የሆነው ውሃ ለልጅ ለምን ከባድ እንደሚሆን በግልጽ ያሳያል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በ2007 የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት ባለ ሥልጣን ዴስሞፕሬሲን በወሰዱ ሰዎች ላይ ከሶዲየም ማነስ ጋር የተያያዙ 61 የመንቀጥቀጥ ሪፖርቶችን መርምሮ ነበር፤ ከነዚህ ውስጥ 2ቱ በሞት የተፈጸሙ ናቸው። ከዚህም በኋላ የአፍንጫው መድኀኒት ለልጆች የሌሊት ሽንት መታዘዙ ቀረ። በአፍንጫ የሚገባው መጠን አንድ ዓይነት ስላልሆነና ሥራውም ስለሚረዝም፣ ክኒኑ ለዚህ አገልግሎት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ ክኒኑን የሚወስድ ልጅ ትኩሳት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ሲይዘው መድኀኒቱ ለጊዜው ይቋረጣል፤ ምክንያቱም በሕመም ጊዜ ብዙ መጠጣት ግድ ስለሚሆን ነው። ብርቱ ሙቀትና ብዙ የሚያስጠማ ሩጫም እንዲሁ ነው። ውሃ ስንል ሻይን፣ ወተትን፣ አጥሚትን፣ ሾርባን፣ ለትልልቆችም ጠላን ጭምር ነው። በአገራችን ባህል «በሞቴ» ተብሎ የቀረበን መጠጥ መመለስ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ መድኀኒቱን ወስዶ ለሚተኛ ሰው ግን ይህ ፍቅር ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ሌሎች መድኀኒቶችም ነገሩን ያባብሱታል። ካርባማዜፒን፣ ለከባድ ትካዜ የሚሰጡ አንዳንድ መድኀኒቶች፣ አይቡፕሮፌንና የሱ ዓይነት ማስታገሻዎች ሶዲየም እንዲወርድ ያግዛሉ። ለተቅማጥ የሚሰጠው ሎፔራማይድ ደግሞ የተዋጠው ዴስሞፕሬሲን ወደ ደም የሚገባበትን መጠን ወደ 3 እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል።

ረ/ የተገላቢጦሹ አደጋ

እስካሁን ያልነውን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ መድኀኒቱን መተው ይሻላል» ሊል ይችላል። ይህም ሌላ ስሕተት ነው። ሌሊት ለሚሸናው ልጅ አንድ ክኒን ቢቀር የሚደርሰው ጉዳት የረጠበ አንሶላ ነው። ለዲያቤተስ ኢንሲፒደስ በሽተኛ መድኀኒቱ ቢቀር ግን፣ በተለይ በሽተኛው ራሱን ስቶ ወይም ለቀዶ ሕክምና ከምግብና ከመጠጥ ተከልክሎ ተኝቶ ከሆነ፣ ውሃው በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ ሶዲየሙም ወደ ላይ ይወጣል። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሕዝብ ጤና አገልግሎት በ2016 ለሆስፒታሎች ሁሉ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ መድኀኒቱን መዝለል ወይም ማዘግየት ለሞት ሊያደርስ እንደሚችል አስታውቋል። የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ አለማወቅ ነው፤ መድኀኒቱ «የሌሊት ሽንት ክኒን» ብቻ የሚመስለው ሠራተኛ ለነገ ቢያሳድረው አያስገርምም።

እንግዲህ አንድ መድኀኒት ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ አለው ማለት ነው። ለአንዱ «ከታመምህ አቁም» ይባላል፤ ለሌላው «ብትታመምም እንዳታቋርጥ፤ ሐኪምህንም ቶሎ ጠይቅ» ይባላል።

ማጠቃለያ

ካልነው ሁሉ አራት ጥያቄዎችን ለይተን እናወጣለን። መድኀኒቱ ለየትኛው በሽታ ነው? በየትኛው መንገድ ይገባል? በሽተኛው ዕድሜው፣ ክብደቱና የሶዲየሙ ልክ ስንት ነው? መድኀኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ውስጥስ ምን ያህል ይጠጣል? እነዚህ አራቱ ሳይመለሱ የሚጻፍ ቁጥር፣ ቁጥሩ ከመጽሐፍ የተቀዳ ቢሆን እንኳ፣ ትክክለኛ መጠን ነው ልንለው አንችልም።

ከመካከላችን ነገ ሐኪም፣ አስታማሚ ወይም መድኀኒት ቀማሚ የሚሆን ይኖራል። ያ ሰው ዴስሞፕሬሲን የተጻፈበት ወረቀት በእጁ ሲገባ፣ ለበሽተኛው ወይም ለእናቲቱ የክኒኑን ቁጥር ብቻ ነግሮ እንዳያሰናብት አደራ እንላለን። የውሃውንም መጠን ይንገራት።